ለእማዬ፣ ስለዚያ ቱቦ

እማዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ቅባቱን በሰው ልኬልሻለሁ። ማታ ማታ ተቀቢው።

ግቢው ውስጥ አምስት የእንግዳ ክፍል ልትሠሩ መሆኑን ወንድሜ ሲነግረኝ ደስ አለኝ። ሐይቁ ቅርብ ነው፣ ሐዋሳ ደግሞ እንግዳ አይጠፋም። ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ግንበኛው የሽንት ቤቱን ቱቦ ደጅ ካለው የጎርፍ ቦይ ጋር እናገናኘው አለ አሉ። ጉድጓድ ወጪ ነው፣ ጎረቤቶቹም እንዲሁ አድርገዋል ብሎ።

ዱባይ አብራኝ የምትሠራዋ ፊሊፒናዊት ጓደኛዬ በፈቃዴ ጊዜ አገሯ ወስዳኝ ነበር አይደል? ፎቶውን ያየሽው ቦራካይ የሚባለው ደሴት ነው። ከካቲክላን ወደብ በጀልባ ቢበዛ ሩብ ሰዓት ነው። ሙሉ ስፋቱ ዐሥር ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። አሸዋው የፉርኖ ዱቄት ይመስላል፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ እግር አያቃጥልም። ፎቶው ላይ የማይታየውን ግን አልነገርኩሽም።

በፈረንጅ 2017 በዚያች ትንሽ ደሴት ላይ 2 ሚሊዮን ያህል ጎብኚ ተመላልሷል። እኔ በቀን አሥራ አራት ክፍል ነው የማጸዳው። አንድ እንግዳ ስንት ፎጣ፣ ስንት ሻወር፣ ስንት ሽንት ቤት እንደሆነ አውቀዋለሁ። ያ ሁሉ ውኃ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። እዚያ ብዙው ቤትና ሆቴል ከፍሳሽ መስመሩ ጋር አልተገናኘም ነበር። አንዳንዱ ለዝናብ ውኃ በተሠራው ቱቦ ለቀቀው። አንዳንዱ አሸዋ ሥር ቱቦ ቀብሮ ባሕር ውስጥ ጨመረው።

በበጋ ዳርቻውን አረንጓዴ አልጌ ይሸፍነው ነበር። የአካባቢው ሰው «ድሮም ያለ ነው፣ አሸዋውን የሚያነጣው እሱ ነው» ይላል። እውነት ነው፣ ድሮም ነበረ። ግን ፍሳሽ ለአልጌ ማዳበሪያ ነው። ሰውም ስለለመደው ዝም አለ።

ጓደኛዬ ከደሴቱ ጀርባ ቡላቦግ ወደሚባለው ዳርቻ ወሰደችኝ። በነፋስ የሚንሳፈፉ ሰዎች የሚጫወቱበት ነው። «ቱቦው እዚህ ጋ ነበር የሚወጣው» ብላ በጣቷ አሳየችኝ። በልጅነቷ እዚያ ትዋኝ ነበር። በኋላ ውኃው ሲመረመር ከሰገራ የሚመጣው ባክቴሪያ ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኘ። ያን ስትነግረኝ ድምፅዋ ተሰበረ እማዬ።

በፈረንጅ 2018 የዚያን ጊዜው የፊሊፒንስ ፕሬዚዳንት ዱቴርቴ ደሴቱን ከሽንት ቤት ጉድጓድ ጋር አመሳሰሉት። ሚያዝያ 26 በፈረንጅ ተዘጋ፣ ለስድስት ወር። የጓደኛዬ ወንድም እዚያ ምግብ አብሳይ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ደመወዝ የለም። የሚያስተዳድራቸውን ልጆች ከዱባይ እሷ ነበረች የምትቀልበው። ቱቦውን የቀበረው እሱ አይደለም፣ የከፈለው ግን እሱ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ጥቅምት ላይ ሲከፈት ደንቡ ጠበቀ። በአንድ ጊዜ ደሴቱ ላይ የሚያድረው ጎብኚ ከ19,000 ገደማ እንዳይበልጥ ተባለ። ከባሕሩ በ30 ሜትር ውስጥ ያለው ግንባታ እንዲነሣ ተደረገ። ትልልቆቹ ሆቴሎች የራሳቸውን ማጣሪያ እንዲሠሩ ተገደዱ። ውኃው አሁን ጥርት ብሏል፣ እኔም ገብቼበታለሁ።

ባሕሩ እንኳ ሰፊ ነው፣ ያመጡበትን ይገፋል። የእኛ ሐይቅ ግን ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። አንቺ ደግሞ አሞራ ገደል ሄደሽ ቆሮሶ ዓሣ ጥሬውን በዳጣ የምትበዪ ሰው ነሽ! ለእኔም ያጎረስሽኝ እዚያ ነው፣ ቀሚስሽ ላይ ዳጣ እያንጠባጠብኩ።

አምስት ክፍል ምን ያመጣል እንዳትይኝ። ቡላቦግም የተበላሸው በአንድ ትልቅ ሆቴል አይደለም።

ስለዚህ ደህና የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ፣ ሴፕቲክ ታንክ የሚሉት፣ ይሠራ። መጣጭ መኪና ገብቶ መውጣት እንዲችል በበሩ በኩል ይሁን፣ ከጉድጓድ ውኃችንም ይራቅ። ወጪውን እኔ እልካለሁ፤ የዚህን ወር እቁብ አውጥቻለሁ። እሁድ ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውላለሁ። ግንበኛውን እዚያው አቆዪልኝ፣ እኔ ራሴ አነጋግረዋለሁ። እስከዚያ ቱቦውን እንዳይነካ።

ልጅሽ