ከአፕዴት በኋላ ቁልፉን ተጫኑ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከዋይፋይ ጋር ስለሚገናኙ የቤት የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚዎች በተነሳ ቁጥር «አፕዴት (የሶፍትዌር ማሻሻያ) ሲመጣ ቶሎ ተቀበሉ» ይባላል። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ግን ግማሹ ይጎድላል።

አፕዴቱ አስፈላጊ ስለመሆኑ ኔስት ፕሮቴክት የተባለው ጠቋሚ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የገጠመው ጉዳይ ይበቃል። መሣሪያው እጅ ሲወዘወዝለት ደወሉን ዝም ያሰኝ ነበር። ይህ ነገር ሳይታሰብም ሊነሳና በእውነተኛ እሳት ጊዜ ደወሉን ሊያዘገይ እንደሚችል ሲታወቅ፣ 440,000 ያህል መሣሪያዎች እንዲስተካከሉ ጥሪ ወጣ። ከዋይፋይ ጋር የተገናኙት በሶፍትዌር ተስተካከሉ፤ ያልተገናኙት እስኪገናኙ ከነጉድለታቸው ቆዩ።

ችግሩ፣ መሣሪያው ከኔትወርክ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ድምፅ አለማሰማቱ ነው። የራውተሩ የይለፍ ቃል ከተቀየረ ወዲህ ተቆርጦ የቀረ ጠቋሚ በስልካችሁ ላይ «ደህና» የሚል ምልክት ሊያሳይ ይችላል፤ ያ የድሮ ወሬ ነው። አረንጓዴውን ምልክት ትታችሁ መጨረሻ የተገናኘበትን ቀን እዩ። ብዙዎቹ የሚይዙት 2.4 ጊጋኸርትዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ መሆኑንም፣ በሌላው እንደማይገናኙም አትርሱ።

ባትሪው ከደከመ አፕዴት አትጀምሩ። ዋይፋዩ ከተራው ጥበቃ ይልቅ ኃይል ይበላል፤ ሶፍትዌሩ እየተጻፈ ኃይል ከተቋረጠ መሣሪያው ላይነሳ ይችላል። ባትሪ ስትቀይሩ አምራቹ ሊቲየም ካለ ሊቲየም እንጂ አልካላይን አታስገቡ። ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታድርጉ። ጠቋሚው ራሱን ሲያስነሳ ለጊዜው ጭስ አያሸትም፤ ስለዚህ በቀን፣ ምድጃው ጠፍቶ፣ ተራ በተራ ይሁን።

ሲያልቅ በአፕ አትርኩ፤ ኮርኒሱ ላይ ያለውን የመሞከሪያ ቁልፍ ራሱን ተጫኑ። ቤተሰቡን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ድምፁ በ3 ሜትር ርቀት 85 ዴሲቤል ያህል ነው፣ ጆሮ ይበሳል። እርስ በርስ የተያያዙ ከሆኑ የሌላው ክፍል ጠቋሚም አብሮ መጮኹን አንድ ሰው እዚያው ቆሞ ያረጋግጥ። ይህ ሙከራ ግን ደወሉንና የውስጡን የኤሌክትሪክ ዑደት እንጂ ጭስ ወደ ውስጥ መግባቱን አያሳይም። ቀዳዳዎቹን በለስላሳ ብሩሽ ከአቧራ አጽዱ፤ ለጭስ ሙከራ የተሠራውን ስፕሬይ ተጠቀሙ፣ ሻማና ክብሪት አታስጠጉ፤ ጥላሸቱ ሴንሰሩን ያበላሸዋል።

የሴንሰርን ዕድሜ የሚያራዝም አፕዴት የለም። ጠቋሚውን አውርዳችሁ ጀርባው ላይ ያለውን የምርት ቀን አንብቡ፤ የጭስ ጠቋሚ ከሆነና 10 ዓመት ካለፈው ይቀየር። ለካርቦን ሞኖክሳይድ አምራቹ የጻፈው ቀን ከዚያ ሊያጥር ይችላል።

ከእሳት ማስጠንቀቂያ ተከላ ባለሙያዎች