የጓሮ አትክልት ክበብ፦ ማረቆና የፈረንጅ ቃሪያ በአንድ መደብ

ሰላጣውና ቆስጣው ዘንድሮ ደህና ነበሩ፤ ቲማቲሙን ከወፍ ጋር ተሻማን። ስለ እነሱ ይህ ይበቃል። ዓመቱን ሙሉ ያከራከረን ቃሪያው ነው።

ጥቅምት ላይ ማረቆ ፋና በርበሬ፣ ሚጥሚጣና የፈረንጅ ቃሪያ አፈላን፤ ችግኙን ኅዳር መጨረሻ ወደ ዋናው መደብ አዛወርን። ቦታችን ጠባብ በመሆኑ ሦስቱም ጎን ለጎን ተተከሉ። የፈረንጅ ቃሪያው ዘር ከፊሉ ከሱቅ የተገዛ፣ ከፊሉ አንዲት የስምንተኛ ክፍል አባላችን ከቤቷ ጓሮ ያመጣችው ነበር።

የካቲት ላይ ፍሬው ሲቀመስ ከቤት ከመጣው ዘር የበቀሉት አንዳንዶቹ አፍ የሚለበልቡ ሆኑ። ጥፋቱ ወዲያው በጎረቤቱ ማረቆ ላይ ተላከከ። አንዱ ተማሪ «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር» ብሎ ጀመረ፤ ተረቱ እንዴት እንደሚያልቅ አንባቢ ያውቃል፣ ለትምህርት ቤት መጽሔት ግን አይሆንም። «ታዲያ የሱቁ ዘር እዚያው አጠገብ በቅሎ ለምን አላቃጠለም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

የቃሪያ አበባ ወንዴና ሴቴ ክፍሉን አንድ ላይ ስለያዘ በአብዛኛው የራሱ ብናኝ ይበቃዋል፤ ንብ ግን የሌላውንም ታመጣበታለች። ሆኖም የምንበላው የፍሬው ሥጋ የእናቲቱ ተክል አካል ነው። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚሠራውም ብዙዎች እንደሚያስቡት በዘሩ ውስጥ ሳይሆን ዘሩ በተጣበቀበት ነጭ ክፍል ነው። የጎረቤት ብናኝ የሚለውጠው ዘሩን በመሆኑ ልዩነቱ የሚታወቀው ያ ዘር ተዘርቶ ሲያፈራ ነው። የማቃጠል ባሕርይ ደግሞ ገዢ፣ ማለትም ከአንዱ ወላጅ ብቻ ቢወረስም የሚገለጥ፣ ስለሆነ ድቅሉ ያቃጥላል። ልጅቷን ስንጠይቃት እናቷ አምና የወጥ በርበሬ ከፈረንጅ ቃሪያው አጠገብ ተክለው እንደነበር ነገረችን። ማረቆአችን በነፃ ተለቀቀ።

ከዚያ በኋላ ያልፈኩ እንቡጦች ላይ የሻሽ ከረጢት ማሰር ጀመርን። ንብ ስለማትገባ ጠዋት ጠዋት ቅርንጫፉን በጣት መታ መታ ማድረግ ያስፈልጋል። ፍሬ ሲይዝ ከረጢቱ ይወልቅና ክር ይታሰርበታል፤ ለዘር የሚለቀመውም በደንብ ከበሰለ በኋላ ነው። ሥራውን እስከ ሚያዝያ ያቆዩት ልጆች ብዙም አልቀናቸውም፤ የድሬዳዋ ሙቀት አበባውን አረገፈባቸው።

ክር ከታሰረባቸው ፍሬዎች የወጣው ዘር ደርቆ በወረቀት ፖስታ ተቀምጧል፤ መስከረም ላይ ለወላጆች ይታደላል። ክር የሌለውን ክበቡ ራሱ ይዘራዋል። ባለተረቱ ተማሪ ለቀማሽነት ከወዲሁ ተመዝግቧል።