ለ12ኛ ክፍል ከማልቀሳችን በፊት እስቲ 7ኛን እንየው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ጤና ይስጥልኝ።

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ጋዜጣችሁም ሌላውም ሚዲያ ለአንድ ሁለት ሳምንት ሌላ ወሬ የለውም። የ2014 ተፈታኞች ጊዜ 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው ሲባል አገሩ ጉድ አለ፣ በዓመቱ 3.2 ሆነ፣ በ2016 ደሞ 5.4 ሲሆን መሻሻል አለ ተባለ። ከዛ ሁሉም ሰው ተንታኝ ነው፣ አንዱ ኩረጃ ስለቀረ ነው ይላል (ይሄ እንኳ እውነት አለው፣ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መፈተን ከጀመረ ወዲህ ብዙ የተሸፈነ ነገር ተገልጧል)፣ አንዱ ቲክቶክ ነው ይላል፣ አንዱ ደሞ መምህሩ ነው ብሎ እኛ ላይ ይወርድብናል። ልጁ ትምህርቱ የጠፋበት የት ላይ ነው፣ ስንተኛ ክፍል ላይ ነው መከታተል ያቆመው ብሎ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰው ግን አላየሁም። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት የ7ኛ ክፍል ሳይንስ አስተማሪ ነኝ፣ ብዙዎቹ የሚጠፉት እዚህ እኔ ክፍል ውስጥ ነው፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ።

አወቃቀሩን ለማያውቅ ባጭሩ፣ በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1 እስከ 8 አንድ ላይ አንደኛ ደረጃ ነበር፣ አሁን ከ1 እስከ 6 አንደኛ ደረጃ፣ 7ና 8 መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9 እስከ 12 ሁለተኛ ደረጃ ሆኗል። አዲስ ነገር እንኳ አይደለም፣ ከ1986 በፊት በጃንሆይም በደርግም እንደዚሁ ነበር፣ 7ና 8 መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይባል ነበር፣ ታላላቆቼ የ6ኛን ሚኒስትሪ እንዴት እንደፈሩት እስካሁን ያወራሉ። በመለያየቱ ምንም ቅሬታ የለኝም፣ የ13 ዓመት ጎረምሳ ከ7 ዓመት ሕፃን ጋር አንድ ሜዳ ላይ ኳስ ሲራገጥ ማን እንደሚረገጥ ይታወቃል። የኔ ጥያቄ ከ6 ወደ 7 ሲታለፍ የሚቀየረው ነገር ሁሉ በአንድ ጠዋት ተጠራቅሞ ልጁ ላይ መውደቁና ለዛች ጠዋት ማንም ያላዘጋጀው መሆኑ ላይ ነው።

ዋናው ቋንቋው ነው። አዲስ አበባ ላይ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ እስከ 6 ድረስ አብዛኛው በአማርኛ ነው የሚማረው፣ በአፋን ኦሮሞ የሚማሩም አሉ፣ እንግሊዝኛን የሚያውቀው እንደ አንድ ትምህርት ብቻ ነው። ሰኔ ላይ የ6ኛን ፈተና ተፈትኖ ያልፋል፣ ክረምቱን ይጫወታል፣ መስከረም ላይ ሲመጣ ሒሳቡ በእንግሊዝኛ፣ ሳይንሱ በእንግሊዝኛ፣ ማኅበራዊ ሳይንሱ በእንግሊዝኛ፣ የዜግነት ትምህርቱ ሳይቀር በእንግሊዝኛ ሆኖ ይጠብቀዋል። መሸጋገሪያ የሚባል ነገር የለም፣ ክረምቱ ነው መሸጋገሪያው።

አንድ ተማሪ አለኝ፣ ስሙን አልጠራም፣ 6ኛ ላይ ሒሳብ ከክፍሉ ከሚደፍኑት አንዱ ነበር። የሒሳብ መምህሩ ጓደኛዬ ነው፣ ፈተና ሰጥቶት የቃላት ጥያቄዎቹን በሙሉ ባዶ መለሰለት፣ ቁጥር ብቻ ያለባቸውን ግን አንድም አልሳተም። ከክፍል ሲወጡ ጠርቶ ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ ሲያነብለት ገና አንብቦ ሳይጨርስ መልሱን ነገረው። ይሄ ልጅ ሒሳብ የማይችል ልጅ ነው? ሰርተፊኬቱ ላይ ግን የሚጻፈው የማይችል ተብሎ ነው። እሱም ጥር ላይ ውጤቱን ሲያይ አልችልም ብሎ ያምናል፣ ዋናው ጉዳት እሱ ነው እንጂ ማርኩማ በኋላ ይስተካከላል።

ወላጅ ስንጠራ ደሞ የሚሆነውን ብታዩ። እናት ትመጣለች፣ ልጄ 6ኛን በጥሩ ውጤት ነው ያለፈው፣ አሁን ምን አገኘው፣ ጓደኛ ነው ያበላሸው፣ ስልክ ነው ያበላሸው ትላለች፣ እዛው ፊቴ ትቆጣዋለች፣ ቤት ሲደርስ ደሞ አባቱ ይቀበለዋል። ልጁ ምን ብሎ ያስረዳ? መጽሐፉ አልገባኝም ቢል ሰበብ ነው የሚሆንበት። እኔ ለማስረዳት ስሞክር የ6ኛ ውጤቱን አውጥተው ያሳዩኛል፣ እንደዚህ እያመጣ እንዴት ቲቸር ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ያ ፈተና ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ነበር።

ከግል ትምህርት ቤት የመጡት ደሞ አሉ። ክፍያ ሲወደድ ብዙ ወላጅ ልጁን ወደ መንግሥት እያዞረ ነው፣ እነሱ ከኬጂ ጀምሮ እንግሊዝኛ ሲያነቡ ስለኖሩ መጀመሪያ ሳምንት ላይ እጅ የሚያወጡት እነሱ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ያዩዋቸዋል፣ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ወንበር ያፈገፍጋሉ፣ ጥቅምት ሲደርስ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ታገኘዋለህ፣ ከፊት የሚመልሱ ከኋላ ዝም የሚሉ። አስቂኙ ነገር፣ ከፊት ካሉት መሀል ትርጉሙን ሳያውቁ የሸመደዱ ብዙ ናቸው። ፎቶሲንተሲስ ምንድነው ስትላቸው መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁልጭ አድርገው ይሉልሃል፣ እሺ ታዲያ ጨለማ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ አበባ ምን ይሆናል ስትላቸው ይተያያሉ። ስለዚህ አንዳንድ ሰው እንደሚለው ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሁን የሚባለው መፍትሄ እኔን አያሳምነኝም።

በተቃራኒው እስከ 8 በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይቀጥል የሚሉም አሉ፣ ኦሮሚያና ትግራይ እንደዛ ነው የተማሩት፣ የ1986ቱ ፖሊሲም አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው የሚለው። ለኔ ይሄኛው ይሻላል፣ ልጁ ቢያንስ ሁለት ዓመት በስሎ ይደርስበታል። ግን 9 ላይም ያው ገደል ነው የሚጠብቀው፣ ያለ ድልድይ ከሆነ ቦታው ብቻ ነው የሚቀየረው። ስለዚህ በየትኛውም ክፍል ይሁን፣ የምጠይቀው ድልድዩን ነው።

አሁን አንድ የአደባባይ ምስጢር ልናገር። ሁላችንም በአማርኛ ነው የምናስረዳው። በእንግሊዝኛ አንብበን፣ በአማርኛ አስረድተን፣ ኖቱን በእንግሊዝኛ እንጽፋለን፣ ሌላ መንገድ የለም። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ግን ሁላችንም እንግሊዝ እንሆናለን፣ ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ልጆቹም ገብቷቸው አብረው ይተውናሉ፣ የስ ቲቸር ይላሉ በአንድ ድምፅ። ሱፐርቫይዘሩም ድሮ መምህር ነበር እኮ፣ ያውቀዋል፣ ፎርሙን ሞልቶ ይሄዳል። ይሄ ድራማ ቀርቶ በአማርኛ ማስረዳት በግልጽ ቢፈቀድ፣ እንዴት አድርገን ቀስ በቀስ እንደምንቀንሰው ደሞ ሥልጠና ቢሰጠን፣ መስከረም ላይ ይሄን ያህል፣ ጥር ላይ ይሄን ያህል ተብሎ ቢታቀድ ምን ነበረበት? አሁን እያንዳንዱ መምህር በራሱ ልክ ነው የሚያደርገው፣ አንዱ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ፣ አንዱ ልጁ ገባውም አልገባው በእንግሊዝኛ ብቻ።

ሳይንሱ ደሞ የራሱ ጣጣ አለው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7ና 8 ላይ ፊዚክስ ኬሚስትሪ ባዮሎጂ ለየብቻ መሆናቸው ቀርቶ ጠቅላላ ሳይንስ ተብሎ አንድ ሆኗል፣ ሐሳቡን እወደዋለሁ፣ ለዚህ ዕድሜ ትክክል ነው። እኔ ግን የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው፣ ሴል ላይ ስንደርስ የባዮሎጂ ጓደኛዬን ነው ሻይ እየጋበዝኩ የምጠይቀው፣ እሱ ደሞ ስለ ውሁድና ድብልቅ እኔን ይጠይቀኛል፣ ሻይ ግን አይጋብዝም። መጽሐፉ በመጀመሪያው ዓመት በቂ ስላልነበረ ብዙው ተማሪ በቴሌግራም ፒዲኤፍ ነው የተማረው፣ ልማዱ አሁንም አልለቀቀም። ስለዚህ 7 ገባ ተብሎ ስልክ ይገዛለታል፣ ወላጅ ስልኩን ሊቀማው ሲል መጽሐፌ እሱ ላይ ነው ይላል፣ ሊከራከሩት አይችሉም። እኔንም እንዲሁ ነው የሚሉኝ፣ ከጠረጴዛ ስር ሲያበራ አይቼው ምንድነው ስለው "ቲቸር ፒዲኤፍ ነው"።

ሌላው መምህር መብዛቱ ነው። ታች ክፍል እያሉ አንዲት መምህርት ቀኑን ሙሉ አብራቸው ትውል ነበር፣ ልጁ ከፍቶት ከመጣ ፊቱን አይታ ታውቃለች፣ ወላጁን በስም ታውቃለች። እኛ ጋ 40 ደቂቃ ሲሞላ አንዱ ወጥቶ ሌላው ይገባል፣ እያንዳንዳችን ብዙ ክፍል ስለያዝን የብዙዎቹን ስም የምናውቀው ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ላይ ነው። ሆምሩም ቲቸር አለ፣ ግን ሥራው ስም መጥራትና ሰርተፊኬት መሙላት ሆኖ ቀርቷል። አንድ ልጅ በሁሉም ትምህርት ላይ አንድ ላይ ዝም ቢል ያንን አንድ ላይ የሚያይ ሰው የለም፣ ለእኔ ሳይንስ የማይወድ ተማሪ ነው፣ ለሒሳቡ መምህር ሒሳብ የማይወድ ነው። ከዚህ ላይ ሰፈር መቀየር ሲጨመርበት አስቡት፣ በኮሪደር ልማቱ ከመሀል ከተማ ወደ ዳር የሄዱ ቤተሰቦች ልጆች ጓደኛም ሰፈርም ቋንቋም በአንድ ዓመት ነው የተቀየረባቸው፣ ከእነሱ መሀል እስከ ገና ድረስ ከማንም ጋር ሳያወራ የቆየ አውቃለሁ።

የሴቶቹን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ሴት ባልደረቦቼ አይለቁኝም። ብዙዎቹ የወር አበባ የሚጀምራቸው በዚሁ ዕድሜ ነው፣ አዲስ ግቢ፣ የማያውቋቸው መምህራን፣ ውሃ አንዳንዴ ያለው አንዳንዴ የሌለው መጸዳጃ ቤት። ወንድ መምህርን አስፈቅዳ መውጣት የምታፍር ልጅ ቤት መቅረትን ትመርጣለች። የእንግሊዝኛ መምህርታችን መሳቢያዋ ውስጥ ሁሌ ሞዴስ ታስቀምጣለች፣ በራሷ ደመወዝ ነው የምትገዛው፣ ልጆቹ ሁሉ ያውቃሉ። ይሄ በአንዲት ሰው ደግነት የሚያዝ ነገር መሆን አልነበረበትም።

ጥሩ ነገርም አለ፣ ምገባው እስከ 8 መድረሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ከ2012 ወዲህ በረሃብ ክፍል ውስጥ የሚደገፍ ልጅ ማየት ቀንሶልኛል። 7 ሲገቡ አንዳንዶቹ ትልቅ ሆነናል ብለው መሰለፍ ያፍራሉ፣ ትንሽ ቆይተው ሽታው ያሸንፋቸዋል።

እና ምን ይደረግ? ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም የማወራው። የ6ኛ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ላይ የሒሳቡና የሳይንሱ ዋና ዋና ቃላት ከአማርኛው ጎን በእንግሊዝኛም ይነገሩ፣ ይጻፉ፣ ፈተና አይውጣበት ግን ጆሮው ይልመደው። 7 ላይ መስከረምን በሙሉ አዲስ ምዕራፍ ባንጀምርስ? ያንን ወር ጥያቄ ማንበብ እናስተምር፣ አወዳድር፣ ግለጽ፣ አስላ፣ ምክንያቱን ስጥ የሚሉት ትእዛዞች በእንግሊዝኛ ምን እንደሚመስሉ ብቻ፣ እነዚህን ያወቀ ልጅ ፈተናው ግማሽ ነው የሚቀለው። እኔ በራሴ ልጆቹን ደብተር አስይዤ በአንድ በኩል አማርኛ በአንድ በኩል እንግሊዝኛ እያጻፍኳቸው ነው፣ ትንሽ ለውጥ አይቻለሁ፣ ግን የዓመቱ ፖርሽን አልሸፈንክም እየተባልኩ ነው። ፖርሽኑን ሸፍነን ልጁን ብናጣውስ? ሌላው የ6ኛና የ7ኛ መምህራን በዓመት አንዴ እንኳ አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው ይሄ ልጅ እንዲህ ነው፣ ያቺ ልጅ ሒሳብ ትችላለች ግን አትናገርም ቢባባሉ። አሁን ከ6ኛ ወደ እኛ የሚመጣው ወረቀት ማርክ ብቻ ነው።

ወላጆችም ይሄን የምታነቡ ከሆነ፣ ዘንድሮ ልጃችሁ 6ኛን የሚጨርስ ከሆነ ነሐሴ ላይ አስጠኚ ስትቀጥሩ ምዕራፍ 1ን ቀድሞ እንዲጨርስለት አታድርጉ፣ ሁሉም እንደዛ ያደርጋል፣ ልጁ ሸምድዶ ይመጣል። ይልቅ የ6ኛውን ሒሳብ፣ የሚያውቀውን ማለት ነው፣ በእንግሊዝኛ እያነበበ እንዲሠራው አድርጉ። ደሞ 7 ገባ፣ ትልቅ ሆነ ብላችሁ ትምህርት ቤት መምጣት አታቁሙ፣ 1ኛ ክፍል እያለ በር ላይ ቆማችሁ የምትጠብቁት ሰዎች 7 ላይ ለሰርተፊኬት ካልሆነ አትታዩም። ጥቅምት ላይ አንዴ ብቅ በሉ፣ እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ በእረፍት ሰዓት ስታፍ ሩም ነኝ።

አንድ የ7ኛ ክፍል ሳይንስ መምህር
ከአዲስ አበባ