የፊዚክስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ውሃው ለምን ሌሊት ይመጣል?

የክበባችን የዘንድሮ ሥራ የተነሣው ከአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ነው። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን እንቅልፍ አጥታ፣ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሥቼ ጀሪካን ስሞላ ነበር። ቲቸር፣ ውሃው ለምን ሌሊት ይመጣል? ቀን ቀን ይዘጉብናል እንዴ?» እዚህ አዲስ አበባ፣ ካራ ዳገቱ ላይ የምንኖር ሁሉ ስንጠይቀው የኖርነው ነገር ነው። መልሱን አልነገርኳትም፤ አብረን እንፈልገው አልኩ።

መጀመሪያ ከፍታን አጠናን። ከእንጦጦ አናት እስከ አቃቂ ሜዳ መሬቱ ከ900 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ውሃው ደግሞ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች ይመጣል። ቧንቧ 10 ሜትር ዳገት በወጣ ቁጥር 1 ባር ያህል ግፊት ያጣል። ይህን ተማሪዎቹ ቶሎ ያዙት።

የከበደን ሰበቃው ነው፤ ውሃው ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ሲፋተግ ማለት ነው። በቧንቧ የሚያልፈው ውሃ እጥፍ ሲሆን በሰበቃ የሚባክነው ግፊት ከ3 እጥፍ ተኩል በላይ ያድጋል። ፍሰቱ ሳይለወጥ የቧንቧው ስፋት (ዲያሜትሩ) በግማሽ ሲቀንስማ ብክነቱ ወደ 30 እጥፍ ይጠጋል! ይህን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ክፍሉ ጸጥ አለ። ብዙዎቹ ቤታቸው ድረስ የተዘረጋውን ቀጭን መስመር አስበው ይመስለኛል።

ጥርና የካቲትን የወሰደብን ግን መረቡ ነው። ውሃ በአንድ መስመር ብቻ አይሄድም፤ ቧንቧዎቹ እየተጋጠሙ ቀለበት ይሠራሉ፤ በየትኛው ስንት እንደሚያልፍ በአንድ ቀመር አይገኝም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃርዲ ክሮስ በ1936 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ዘዴ ተጠቀምን። ወደ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ የሚገባው ከሚወጣው እኩል እንዲሆን አድርጎ ፍሰቱን መገመት፤ ከዚያ ቀለበቱን ዞሮ፣ በዞርንበት አቅጣጫ የሚፈሰውን ፕላስ፣ በተቃራኒው የሚፈሰውን ማይነስ እያሉ የግፊት ብክነቱን መደመር። ድምሩ ዜሮ ካልሆነ ግምቱን አርሞ እንደገና መዞር ነው። ዛሬ ኮምፒውተር በቅጽበት ይሠራዋል፤ እኔ ግን ሁሉም በእጁ እንዲሠራው ፈለግሁ፤ አሁንም ትክክል ነበርኩ እላለሁ። ሁለት ቀለበት ያለው መረብ ሣልን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምሩ አልዘጋ አለ። ስህተቱን ያገኘው አንድ ዝምተኛ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነው፦ ሁለቱ ቀለበቶች የሚጋሩት ቧንቧ የሁለቱንም እርማት መቀበል ሲገባው እኛ የአንዱን ብቻ ሰጥተነው ነበር። ያን ቀን የጮኹትን ጩኸት አልረሳውም።

ከዚያ የቀኑንና የሌሊቱን ፍጆታ ለየብቻ አስገባን። ቀን ቆላው ሰፈር ሁሉ ቧንቧ ሲከፍት ፍሰቱ ይበዛል፤ ግፊቱ መንገድ ላይ ያልቅና ዳገቱ ላይ አይደርስም። ሌሊት ሰው ሲተኛ ፍሰቱ ይቀንሳል፣ ግፊቱም ይተርፋል። ፈረቃው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ግን ማንም ሳይዘጋው እንኳ ውሃ ሌሊትን ሊመርጥ እንደሚችል ልጆቹ በራሳቸው እጅ አሰሉት።

በወላጆች ቀን ያቺው ተማሪ ስታስረዳ አንዲት እናት፣ «ታዲያ ዋናው ቧንቧ ቢሰፋ ቀን ይደርሰናል?» ሲሉ ጠየቁ። በማግስቱ ስሌቱን ጀመርን፤ ፈተና ደረሰብንና ሁለተኛው ዙር ላይ ቆመ። ደብተሩ እኔ ዘንድ ነው፤ መስከረም ላይ ከዚያው ገጽ እንቀጥላለን።