በ18ኛው የልደት ቀን በሩን አንዝጋባቸው

ግልጽ ደብዳቤ
ለሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስትር

ክቡር ሚኒስትር፣

በሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ለ16 ዓመታት በተንከባካቢነት ሠርቻለሁ። ዛሬ የምጽፍልዎት ስለ አንድ ቀን ነው። ልጅ 18 ዓመት የሚሞላበት ቀን በየቤቱ የደስታ ቀን ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የስንብት ቀን ነው። መዝገቡ ላይ «ለአካለ መጠን ደርሷል» ተብሎ ይጻፋል፣ ፊርማ ይፈረማል፣ ፋይሉ ይዘጋል። በማግሥቱ አልጋው ላይ ሌላ ልጅ ይተኛል።

በዚህ መንገድ ከሸኘኋቸው ልጆች አንዱ ከዓይኔ አይጠፋም። የሄደው በማለዳ ነበር። ልብሱ በአንድ ሻንጣ፣ የትምህርትና የክትባት ማስረጃው በአንድ ፖስታ ገብቷል። የተከራየንለትን ክፍል ቁልፍ በመዳፉ ይዞ ሲያገላብጠው ቆየና «እትዬ፣ ሲቆለፍ ወደየት ነው የሚዞረው?» አለኝ። በቁመት የሚበልጠኝ፣ ጺሙ ያቆጠቆጠ ልጅ በሕይወቱ አንድም ቀን በር ቆልፎ አያውቅም ነበር። ከየት ይወቀው? እኛ ዘንድ በር የሚከፍተውም የሚዘጋውም ጥበቃው ነው። የሚበላበትን ሰዓት፣ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት፣ የሚለብሰውን ሸሚዝ ሳይቀር የምንወስንለት እኛ ነበርን። ለ11 ዓመታት አንዲት ነገር በራሱ እንዲወስን ሳናደርግ፣ በአንድ ጠዋት ሁሉንም ወስን አልነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በሌሊት ደወለ። ትኩሳት ይዞት መድኃኒት ገዝቷል፤ የሚወሰደው ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ ሊጠይቀኝ ነው። ነገርኩት። ስልኩን ግን አልዘጋም። ሁለታችንም ዝም ብለን ቆየን፤ ትንፋሹ ይሰማኛል።

እኔም ልጅ አለችኝ። 23 ዓመቷ ነው፤ ሥራ ይዛለች፣ ለብቻዋ ትኖራለች። እርሷም እየደወለች ይህንኑ ዓይነት ጥያቄ ትጠይቀኛለች። የቤታችን ቁልፍ ዛሬም ከራሷ ቁልፎች ጋር ተንጠልጥሎ ይኖራል። ማንም ሰው ስለዚህ «አላደገችም» ብሏት አያውቅም።

ክቡር ሚኒስትር፣ «ለአካለ መጠን መድረስ» የሚለውን አነጋገር ልብ ብለውት ያውቃሉ? የሚለካው አካልን ነው። አካል ደግሞ ቀድሞ ይደርሳል፤ ድምፅ ይጎረንናል፣ ቁመት ይመዘዛል። አንጎል የሚሄደው በራሱ ጊዜ ነው። የ6 ዓመት ልጅ አንጎል በመጠን የአዋቂውን 90 በመቶ ያህል ደርሷል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ በአብዛኛው የውስጥ ሥራ ነው። የማንጠቀምባቸው የነርቭ ግንኙነቶች እየተገረዙ ይወገዳሉ፤ የምንጠቀምባቸው ማይሊን በሚባል ስብ ነክ ሽፋን እየተጠቀለሉ መልእክት በፍጥነት ማስተላለፍ ይጀምራሉ። ይህ ሥራ በሁሉም ቦታ እኩል አይጠናቀቅም። ደስታንና የእኩዮችን አድናቆት የሚያሳድደው የአንጎል ክፍል በጉርምስና መግቢያ ላይ ይነቃል፤ ከግንባር ጀርባ ያለው፣ ማመዛዘንንና ማቀድን ራስንም መግታትን የሚመራው ክፍል ግን እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ መብሰሉን ይቀጥላል። በ25 ዓመት ሁሉም ነገር ያበቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ እንዲያ አልልዎትም። እንዲህ ያለ ቁርጥ ቀን የለም፤ የእኔም ክርክር የሚነሳው ከዚሁ ነው።

ልጆቹ ማሰብ አይችሉም ማለቴም አይደለም። ተረጋግቶ፣ ጊዜ ወስዶ በሚያስበው ጉዳይ ላይ የ16 ዓመት ልጅ ከአዋቂ ብዙም አያንስም። ችግሩ የሚመጣው ስሜት ሲግል፣ እኩዮች ዙሪያውን ሲቆሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ማርጎ ጋርድነርና ሎውረንስ ስታይንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች 306 ሰዎችን በኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ ፈትነው ነበር። አንዳንዶቹ ብቻቸውን፣ ሌሎቹ እኩዮቻቸው ባሉበት ተጫወቱ። እኩዮች ሲኖሩ አደጋን መድፈር ጨመረ፤ ጭማሪው ግን ከ13 እስከ 16 እና ከ18 እስከ 22 ዓመት ባሉት ላይ ከ24 ዓመት በላይ ከሆኑት ይበልጥ የበረታ ነበር። ይህን ሳነብ የዚያ ልጅ ክፍል ትዝ አለኝ። የመጀመሪያ ደመወዙን የተቀበለ ዕለት ክፍሉ በጓደኞች ተሞላ፤ በሳምንቱ የቤት ኪራይ የሚከፍለው አልነበረውም። ወላጅ ያለው ልጅም እንዲሁ ያደርጋል። እርሱ ግን ተቆጥቶ የሚያበድረው ሰው አለው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህኛው እንቅልፍ ይነሳኛል። በአሜሪካ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ በሕይወት ዘመን ከሚያጋጥሙ የአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ እስከ 14 ዓመት፣ ሦስት አራተኛው እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራሉ። ሕመሙ ብቅ በሚልበት ዕድሜ ላይ የልጁን ጠባይ የሚያውቅ፣ «ምነው ከሰው ራቅክ?» የሚለው ሰው ከአጠገቡ እናነሳለን።

18 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 1 ልጅ ማለት ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው ነው ይላል። ቁጥሩ የተቀመጠው ልጆችን ለመጠበቅ ነበር፤ ከዚያ በላይ ያለውን ለመጣል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ ጉርምስናን ከ10 እስከ 19 ዓመት አድርጎ ይቆጥራል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀበለው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያም ልጁ ከመውጣቱ ብዙ ቀደም ብሎ እንዲዘጋጅ፣ ከወጣም በኋላ ክትትልና ድጋፍ እንዳይለየው ይጠይቃል።

በጀት እንደሚያነሱብኝ እገምታለሁ። እኔ ሁሉም ልጅ እስከ 25 ዓመቱ ከእኛ ጋር ይተኛ አላልኩም፤ ብዙዎቹ ራሳቸው አይፈልጉትም፣ ልክም ናቸው። ድጋፍ ጥገኛ ያደርጋል የሚለውንም ከባልደረቦቼ ጭምር ሰምቼዋለሁ። እኔ ያየሁት የተገላቢጦሹን ነው። ጥገኛ የሚያደርገው ሁሉን እየወሰንንለት ማሳደጋችን ነው። ስለዚህ ሥራው በ18 ሳይሆን በ14 እና በ15 ይጀምር። ቁልፍ ይስጡት፤ ቢጠፋበት ሌላ እናስቀርጽለታለን። ትንሽ ገንዘብ በእጁ ይያዝ፤ በአንድ ቀን ጨርሶት በቀረው ሳምንት ይቸገር፣ እኛ እዚያው እያለን። ከሐኪም ጋር ራሱ ይነጋገር። ከወጣ በኋላ ደግሞ ድጋፉ እንደ ገመድ በአንድ ጊዜ ሳይቆረጥ ቀስ በቀስ ይላላ፤ ኪራዩን በመጀመሪያው ዓመት በሙሉ፣ በሁለተኛው በከፊል ብንሸፍንለት ብዙ ነገር ይለወጣል። በስም የሚታወቅ፣ ስልክ ሲደወልለት የሚያነሳ፣ ይህም እንደ ሥራ የሚቆጠርለት አንድ ሰው ይመደብለት። አሁን ስልኩን የማነሳው በእረፍቴ ሰዓት ነው፤ ለእኔ ምንም አይደለም፣ ግን የአንድ ልጅ ዕጣ በአንዲት ተንከባካቢ እንቅልፍ ላይ መንጠልጠል የለበትም። ከሁሉም በላይ፣ ሲከፋው ተመልሶ የመምጣት መብት ይኑረው።

ያ ልጅ አሁን 24 ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ጥበቃው አዲስ ስለሆነ አላወቀውም፤ ስሙም መዝገብ ላይ ስለሌለ አላስገባውም። እኔ ወጣሁና ከአጥሩ ውጭ ቆመን አወራን።

በመጪዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ አራት ልጆቻችን 18 ዓመት ይሞላቸዋል። የመጀመሪያዋ ሻንጣዋን ከአሁኑ ከአልጋዋ ሥር አውጥታ አቧራውን ጠርጋዋለች። እርሷ ከመሄዷ በፊት መልስዎን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ተንከባካቢ