ጩኸቱ ጽሑፉ ውስጥ የለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ዘመናዊው የጀርመን ቴአትር ትምህርት የወጣውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ጸሐፊው የቤርቶልት ብሬሽትን ተውኔቶች ማንበብ ብቻ ለተማሪ ይበቃል ይላሉ። አይበቃም ባይ ነኝ።

«እናት ኩራዥ»ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1949 በርሊን ላይ ተዋናይቷ ሄለነ ቫይግል እናትየዋን ሆና ስትጫወት፣ ልጇ መረሸኑን ስታውቅ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ አፏን በሰፊው ትከፍታለች። ድምፅ ግን የለም። ይህን ተውኔቱን ገጽ በገጽ ብታገላብጡት አታገኙትም። ያለው ፎቶው ላይ ነው። ብሬሽት ራሱ ዝግጅቶቹን በፎቶግራፍ ቅደም ተከተል አስይዞ አስቀምጧል። በ1961 ደግሞ ዝግጅቱ በፊልም ወጥቷል። ይህ ሁሉ እያለ ወረቀት ላይ ሙጭጭ ማለት ምን ይሉታል?

ክርክሩ አዲስም አይደለም። ጀርመናዊው የቴአትር ምሁር ማክስ ሄርማን ቴአትር ማለት መድረክ ላይ የሚሆነው ነው ብሎ ሲሟገት ኖሯል፤ በ1923 በርሊን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቴአትር ጥናት ተቋም እንዲከፈትም አድርጓል። (አይሁዳዊ ነውና ናዚዎች አባረሩት፤ በ1942 ቴሬዚንሽታት በተባለው የናዚ ማጎሪያ ውስጥ ሞተ። ይህን በአንድ መስመር የሚያልፉ መጻሕፍት ያናድዱኛል።)

ፊልም መድረክን ይተካል አላልኩም። ካሜራው መርጦ ነው የሚያሳየን። ብሬሽትም «የሦስት ሳንቲም ኦፔራ» የተሰኘው ሥራው ወደ ፊልም ሲቀየር፣ ሥራዬ ተለወጠብኝ ብሎ በ1930 ከፊልም ኩባንያው ጋር ፍርድ ቤት ቆሞ ተረትቷል። ስለዚህ ጽሑፉ፣ ፎቶውና ፊልሙ ጎን ለጎን ይታዩ። አስተማሪውም ቪዲዮ ከፍቶ ሻይ ሊጠጣ አይውጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ