«ትሩዝ»ን ከነአጃቢዎቹ አስተምሩልን

ለክቡር ዋና አዘጋጅ፦

እንግሊዝኛ ለሚማሩ አንባቢዎች በየጋዜጣው የሚታተሙት የቃላት ዝርዝሮች «ትሩዝ»ን «እውነት» ብለው ፈትተው ያልፋሉ። ፍቺው ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው ተማሪው ያንን ይዞ ለመናገር ሲነሳ ነው። «እውነት» በአማርኛ ብዙ ሥራ ደርቦ ይሠራል፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ያንኑ ሥራ ለበርካታ ቃላት አከፋፍሎታል። የትኛው ቃል የት እንደሚገባ ካልተነገረው ተማሪው ሁሉንም በ«ትሩዝ» ሊሸፍን ይሞክራል። ስለዚህ ቃሉ ሁልጊዜ ከነአጃቢዎቹ እንዲቀርብ እጠይቃለሁ።

በብዛት የሚሰማው ስህተት የሚነሳው ከ«እውነት ነው» ነው። ቃል በቃል ሲወሰድ «ኢት ኢዝ ትሩዝ» ይሆናል። «ትሩዝ» ግን ስም ነው፤ አንድ ወሬ እውነት ነው ለማለት የሚያስፈልገው ቅጽሉ «ትሩ» ነው። «ኢት ኢዝ ትሩ» ይባላል፤ ሲጠየቅም «ኢዝ ኢት ትሩ?»። ሰው ተገርሞ «እውነት?» ሲል ደግሞ እንግሊዝኛው «ሪሊ?» ነው። ከዚህ የሚብሰው «እውነትህን ነው» ነው። «ዩ ሃቭ ትሩዝ» የተባለ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ምን እንደተባለ ግራ ይገባዋል፤ ትክክለኛው «ዩ አር ራይት» ነው። «እውነተኛ»ም እንዲሁ የሚከተለውን ስም እያየ ይለዋወጣል፤ ለወርቅ «ሪል»፣ ለታሪክ «ትሩ»፣ ለማይዋሽ ሰው «ኦነስት» ወይም «ትሩዝፉል» ይሆናል።

«ትሩ ፍሬንድ» ሲባል ግን በክፉ ቀን የማይከዳ ጓደኛ ማለት ነው፤ ይዋሽ አይዋሽ የሚለው እዚያ ላይ አይነሳም። ይህ አጠቃቀም የቃሉን ሥር ያሳያል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ትሩዝ» በመጀመሪያ የሚያመለክተው ታማኝነትንና ቃል መጠበቅን ነበር፤ የሐሰት ተቃራኒ የሆነው ከጊዜ በኋላ ነው። ማጨትን የሚገልጸው «ቢትሮዝ» የተባለ ግስም ከዚሁ ሥር የወጣ ሲሆን፣ የቀድሞውን የቃል ኪዳን ትርጉም ዛሬም እንደያዘ ነው።

ግሱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እውነትን መናገር «ቴል ዘ ትሩዝ» ነው እንጂ «ሴይ» አይገባበትም። «ስፒክ ዘ ትሩዝ» አለ፤ ግን ከበድ ያለና ለንግግር መድረክ የሚስማማ ነው። መካከል ያለችው «ዘ» አትጣልም። «እውነቱን ንገረኝ» ሲባል «እውነቱን» ውስጥ ያለችው «ኡ» የምትሠራውን ሥራ የምትሠራው እሷ ናት። ንግግሩ የሚነገረው ሰው ከ«ቴል» ቀጥሎ ይገባል፤ «ቴል ሚ ዘ ትሩዝ» እንጂ «ቴል ቱ ሚ» አይባልም። ውሸት ላይ ግን «ቴል ኤ ላይ» ነው፤ ውሸት አንድ፣ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል፣ እውነት ግን በዚህ አገባቡ አንድ ብቻ እንደሆነ ተቆጥሮ «ዘ» ይሰጠዋል። ይህ ልዩነት እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ ተማሪም አንዴ ካስተዋለው አይረሳውም።

«ትሩዝ» እና «ፋክት» መለየትም አለባቸው። ቀን፣ ቁጥር፣ ቦታ፣ ማን ምን አደረገ የሚለው፣ በማስረጃ ሊጣራ የሚችል ነጠላ ነገር «ፋክት» ነው፤ ጋዜጠኞች የሚያጣሩትም ይህንኑ ስለሆነ ሥራው «ፋክት ቼኪንግ» ተብሏል። «ትሩዝ» ከዚያ ይሰፋል። የተዘረዘሩት ነገሮች ሁሉ ልክ ሆነው፣ ዋናው ነገር ተደብቆ ከቀረ «ትሩዝ» አልተነገረም። በእንግሊዝኛ የሚሰጠው የምስክር መሐላ «ዘ ትሩዝ» ብሎ የማያበቃውም ለዚህ ነው። «ዘ ሆል ትሩዝ» ሲል ምስክሩ የሚያውቀውን እንዳያጎድል፣ «ናቲንግ በት ዘ ትሩዝ» ሲል ደግሞ ሐሰት እንዳይቀላቅልበት ያስገድደዋል። መሐላውን «እውነት ብቻ እናገራለሁ» ብሎ የሚተረጉም ሰው መካከለኛውን ግዴታ ጥሎታል።

ስለ አነባበቡ ባጭሩ። ለመጨረሻው ድምፅ በፊደላችን ምልክት ስለሌለው «ዝ» ብለን እንጽፋለን እንጂ ድምፁ እሱ አይደለም። የምላስ ጫፍ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ጥቂት ወጣ ይላል፣ ከዚያ አየር ብቻ ይወጣል። ጣትን ጉሮሮ ላይ አድርጎ መፈተን ይቻላል፤ ከተንቀጠቀጠ «ዝ» ወይም የእሱ ዘመድ ሆኗል። ምላስ ከጥርስ ኋላ ከቀረ ደግሞ «ትሩስ» ይሆናል፤ ይህ ራሱን የቻለ ቃል ነው፣ ጊዜያዊ የተኩስ አቁም ስምምነት ማለት ነው። በዜና ውስጥ ሁለቱን ማምታታት ቀላል ጉዳት አይደለም። በጽሑፍም «ትሩ» መጨረሻዋ ላይ ያለችው የ«ኢ» ፊደል «ትሩዝ» እና «ትሩሊ» ላይ ትወድቃለች፤ «ትሩሊ»ን ከነ«ኢ»ው የሚጽፈው ብዙ ነው።

በመጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ኦክስፎርድ የዓመቱ ቃል ብሎ ስለመረጠው «ፖስት ትሩዝ»። «ድኅረ እውነት» ተብሎ ሲተረጎም፣ «ድኅረ ጦርነት»ን የለመደ አንባቢ እውነቱ ከታወቀ በኋላ ያለ ጊዜ ይመስለዋል። ቃሉ የሚለው ግን የሕዝብን አስተያየት በመቅረጽ ረገድ ከተረጋገጠ ነገር ይልቅ ስሜትና የግል እምነት የሚያመዝኑበትን ሁኔታ ነው። በእንግሊዝኛውም ቅጽል ነው፤ ፖለቲካ፣ ዘመን ወይም ሌላ ስም ያስከትላል። ስለዚህ «ድኅረ እውነት»ን የምትጠቀሙ ከሆነ ስሙን አስከትሉለት፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣም «ስሜት ማስረጃን የሚበልጥበት» የሚል ማብራሪያ ጨምሩበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር